በገንዘብ ፈንታ ስለ መስጠትና ስለ መቀበል

በዘመናችን ዋጋ የሚለው ቃል ሲነሣ በሰው ሁሉ ሐሳብ የሚመጣው ብር ነው። ይሁን እንጂ ከከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ የሕዝቡን ኑሮ ለሚመለከት ሰው፥ ዛሬም ቢሆን ብዙው ሥራ ያለ ብር ሲከናወን ይታያል። በሬ የሌለው ገበሬ ለባለ በሬው ጕልበቱን ሰጥቶ በምትኩ የራሱን ማሳ ያሳርሳል፤ ሸክላ ሠሪዋ እንስራዋን በእህል ትለውጣለች፤ ቀጥቃጩ የመንደሩን ማረሻና ማጭድ ሲያበጅ ከርሞ በአውድማ ጊዜ እህል ይሰፈርለታል፤ የቆሎ ተማሪውም ለየኔታው ውሃ እየቀዳ እንጨት እየለቀመ ቅኔውን ይማራል።

ምእመናን ሆይ፤ ይህ የአሰጣጥና የአቀባበል ልማድ ብር ስለማይታይበት ብቻ አንዳንድ ሰዎች ሒሳብ የሌለበት፥ ፍርድም የማይደርስበት ነገር አድርገው ይቈጥሩታል። ስለዚህ በብር ቢሆን ኖሮ ሊያደርጉት የሚያፍሩትን ግፍ በእህልና በጕልበት ሲያደርጉት አያፍሩም። የሚያሳዝነውም፥ ይህ ነገር በገበያ ብቻ ሳይቀር በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥም መገኘቱ ነው። ስለ ሆነም ነገሩን ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከአገራችን ታሪክ እያመሳከርን ልንመረምረው ይገባል።

አስቀድሞ ልውውጥ ከስጦታ መለየት አለበት። ሰጥቶ ምንም የማይጠብቅ ሰው ሰጪ ነው፤ ሰጥቶ በምትኩ የሚጠብቅ ሰው ለዋጭ ነው። ለዋጭ መሆን ኀጢአት አይደለም፤ ዓለም የሚኖረው በዚህ ነው። ነውር የሚሆነው ለዋጩ እንደ ሰጪ ሆኖ ሲመሰገን፥ ወይም ተቀባዩ በልውውጥ የወሰደውን እንደ ስጦታ ቈጥሮ ምትኩን ሲያስቀር ነው። ጌታችንም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ እንዲመለስላቸው ተስፋ አድርገው የሚያበድሩ ሰዎች ምስጋና እንደሌላቸው ሲናገር፥ ብድርን ማጥፋቱ ሳይሆን ብድርና ምጽዋት በስም እንዳይቀላቀሉ ማድረጉ ነው።

ሰው ሁሉ በመጀመሪያ በልውውጥ ሲኖር ቈይቶ ኋላ ወደ ገንዘብ ተሻገረ የሚለው አነጋገር በትምህርት ቤት የተለመደ ነው፤ ለአገራችን ግን ልክ ሆኖ አይገጥምም። የአክሱም ነገሥታት ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፥ ይኸውም ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፥ የወርቅ፥ የብርና የናስ ገንዘብ ያስመቱ ነበር። ንጉሥ ዒዛናም ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በገንዘቡ ላይ የመስቀልን ምልክት አስቀርጿል። በ7ኛው መቶ ዓመት ግድም ግን ገንዘብ መምታት ቀረና ሕዝቡ በአሞሌ ጨው፥ በሸማና በብረት መገበያየቱን ቀጠለ። እንግዲህ አባቶቻችን በልውውጥ የኖሩት ገንዘብን ስላላወቁ አይደለም፤ ዐውቀውት፥ በእጃቸውም መትተውት ነበር።

በዚያው በአክሱም ዘመን እንኳ ወርቅ ከሩቅ አገር ይመጣ የነበረው በልውውጥ ነው። በንጉሥ ካሌብ ዘመን፥ በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ ወደ አዱሊስ ወደብ የመጣው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ ይህን በመጽሐፉ ጽፎታል። እርሱ እንደሚለው የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል፥ ሳሱ ወደሚባለው የወርቅ አገር በየሁለት ዓመቱ ሰዎች ይልክ ነበር፤ ነጋዴዎችም ይከተሏቸዋልና ቍጥራቸው ከ500 ይበልጥ ነበር። ይዘው የሚሄዱት ከብት፥ ጨውና ብረት ነው። ከቦታው ሲደርሱ የእሾህ አጥር ሠርተው በውስጡ ይሰፍራሉ፤ ከብቱን አርደው ሥጋውን በየብልቱ በእሾሁ ላይ ያኖሩታል፤ ጨውንና ብረቱንም እንዲሁ። የአገሩ ሰዎች ይመጡና እንደ ፍሬ የተንከባለለ ወርቅ አንዱን ወይም ሁለቱን በወደዱት ዕቃ ላይ አስቀምጠው ፈቀቅ ብለው ይቆማሉ። የሥጋው ባለቤት ቀርቦ ያያል፤ ደስ ካለው ወርቁን ያነሣል፥ ያም ተመልሶ ሥጋውን ይወስዳል። ደስ ካላለው ወርቁን ሳይነካ ይተወዋል፤ ባለ ወርቁም መጥቶ ወይ ይጨምርበታል፥ ወይ ወርቁን አንሥቶ ይሄዳል። ቋንቋቸው አንድ ስላልሆነ፥ አስተርጓሚም ስለማይገኝ፥ ይህ ሁሉ የሚሆነው ቃል ሳይለዋወጡ ነው።

ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው ማስተዋል ያለበት ነገር አለ። በዚያ የእሾህ አጥር ላይ ሚዛንም ዳኛም ዋስም አልነበረም። ነገር ግን እያንዳንዱ የሚሰጠውንና የሚቀበለውን በግልጥ ያያል፤ ካልወደደም ንብረቱን ይዞ የመመለስ ሥልጣን አለው። ልውውጥን ቅን የሚያደርጉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ መታየቱና እምቢ ማለት መቻሉ። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ግፎች ሁሉ ከሁለቱ አንዱ ሲጐድል የሚመጡ ናቸው።

ከአፋር ቆላ የሚወጣው አሞሌ ለብዙ መቶ ዓመታት የአገሩ መገበያያ ሆኖ ኖሯል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ፥ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግልና ከሚወጣበት ቦታ በራቀ መጠን ዋጋው እንደሚጨምር ጽፏል። በ18ኛው መቶ ዓመት በጐንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ሕዳግ ላይ የተጻፉት የመሬት ሽያጭ ውሎችም ዋጋውን በወቄት ወርቅና በጨው ይናገራሉ። ኋላም በአውሮፓ አቈጣጠር 1780 የሚል የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ብር ገባ፤ ዳግማዊ ምኒልክም በ1887 ዓ.ም. በስማቸው የተቀረጸውን ብር አወጡ። አሞሌ ግን ከዚያም በኋላ ወዲያው አልጠፋም።

አሁን ወደ ጕልበት ልውውጥ እንመለስ። ወንፈልና ደቦ በስም ሲቀራረቡ በሕግ ይለያያሉ። ወንፈል ቀን በቀን፥ ሰው በሰው ነው፤ ዛሬ ከእኔ ማሳ ያጨደ ጎረቤቴ ነገ ከማሳው ያየኝ ዘንድ ዕዳ አለብኝ። ደቦ ግን አንድ ሰው ሥራ በዝቶበት ወይም አቅም አጥቶ ሲጠራ የሚወጣ ነው፤ ጠሪው ጠላና እንጀራ ያቀርባል፥ ከዚያ በላይ የሚቈጠርበት ነገር የለም። በአንዳንድ ቦታ ግን ባለጠጎች ይህን ልዩነት ለራሳቸው ጥቅም ሲያቀላቅሉት ይታያል። ድኾችን ሲጠሩ «ደቦ ነው» ብለው በአንድ ዋንጫ ጠላ ይሸኟቸዋል፤ ድኻው ታሞ ማሳው ሲያረፍድበት ግን ወንፈሉን የሚመልስለት የለም። የድኻው ጕልበት ስጦታ፥ የባለጠጋው ጠላ ደግሞ ክፍያ ሆኖ ተቈጠረ ማለት ነው። ደቦ የተሠራው ለሽማግሌው፥ ለበሽተኛውና ለባልቴቲቱ ነበር እንጂ አምስት ጥማድ በሬ ላለው አልነበረም።

ከጕልበት ወደ መስፈሪያ እንሂድ። በብር የሚገበያይ ሰው ሲታለል ቈጥሮ ያውቀዋል፤ በቁና የሚገበያይ ግን የሚታለለው በአሰፋፈሩ ነው። አንዱ ሲያበድር የቁናውን አፍ በክንዱ አስተካክሎ ይሰፍራል፤ ሲቀበል ግን ነቅንቆና ከምሮ ካልፈሰሰ አይጠግብም። ቁናው አንድ ነው፤ አሰፋፈሩ ግን ሁለት ነው። የሙሴ ሕግ በዘዳግም 25 ላይ በቤትህ ትልቅና ትንሽ መስፈሪያ አይኑርህ ሲል የከለከለው ይህንን ነው፤ እጁ ሁለት ልማድ ያለው ሰው በቤቱ አንድ ቁና ብቻ ቢኖረውም ሁለት መስፈሪያ አለው።

ከዚህ ይልቅ ረቂቅ የሆነው ደግሞ የወራቱ ነገር ነው። በሐምሌ፥ ጎተራው ባዶ ሆኖ ልጆች ሲራቡ፥ የተበደረ አንድ ቁና ገብስ በታኅሣሥ ሁለት ሆኖ ይመለሳል። አበዳሪው «በሐምሌ ውድ ነበር፥ አሁን ረክሷል፥ ስለዚህ አልበዛብህም» ይላል። ይህ አነጋገር ለሰሚው ልክ ይመስላል፤ ነገር ግን በሐምሌ እህሉን ያስወደደው ምንድር ነው? የወንድሙ ረኃብ ነው። ዘሌዋውያን 25 ለደኸየው ወንድም እህልን በትርፍ መስጠትን ከብር አራጣ ጋር አንድ አድርጎ መከልከሉ ስለዚህ ነው። «እኔ አራጣ የምቀበል ሰው አይደለሁም፥ የምቀበለው እህል ነው» የሚል ካለ፥ ሕጉ አስቀድሞ እህልን በስሙ እንደ ጠራው ይወቅ።

ረኃብ በሚዛን ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ለማየት ከኤሳው ታሪክ የሚበልጥ የለም። ከዱር ደክሞ መጥቶ ብኵርናውን በምስር ወጥ ለወጠ (ዘፍ. 25)። መጽሐፍም፥ መምህሮቻችንም የሚወቅሱት ኤሳውን ነው፤ ሐዋርያው በዕብራውያን መልእክቱ ለአንድ መብል ብኵርናውን የሸጠ ይለዋልና፥ በእውነትም ክብርን ለሆድ መለወጥ ታላቅ ጥፋት ነው። በያዕቆብ ላይ ለመፍረድ እኛ ማን ነን? ነገር ግን ይህን ታሪክ ለንግዱ ምሳሌ ሊያደርገው የሚፈልግ ሰው ጥቂት ገጾች አልፎ ያንብብ። ያው ያዕቆብ በላባ ቤት ጕልበቱን ሲለውጥ ሰባት ዓመት ስለ ራሔል አገልግሎ ልያን አገኘ፤ ደመወዙም አሥር ጊዜ ተለዋወጠበት። በችግረኛ ሰው ፊት ተቀምጦ ዋጋ መቍረጥ እንዴት ያለ ነገር መሆኑን በዚያ ከሁለቱም ወገን አየው።

የዮሴፍ ነገር ደግሞ የበለጠ ምርመራ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰዎች ይጠይቁናልና። በዘፍጥረት 47 እንደ ተጻፈው፥ ረኃቡ በጸና ጊዜ የግብፅ ሰዎች አስቀድሞ ብራቸውን ሰጥተው እህል ገዙ። ብሩ ባለቀ ጊዜ ፈረሳቸውን፥ በጋቸውን፥ ላማቸውንና አህያቸውን በእህል ለወጡ። በሚከተለው ዓመት ከመሬታቸውና ከሰውነታቸው በቀር የቀራቸው ስላልነበረ እነዚያንም ሰጡ። «እንግዲያውስ ዮሴፍ በችግር ጊዜ ያተረፈ ነጋዴ አይደለምን?» የሚል አለ። አይደለም፤ ምክንያቱም ግልጥ ነው። አንደኛ፥ ዮሴፍ ከዚያ ልውውጥ ለራሱ ያገባው ነገር የለም። ሁለተኛም፥ መሬቱን ከወሰደ በኋላ ዘር ሰጥቶ መለሳቸው፤ ከሚያገኙት ከአምስት አንዱን ለፈርዖን፥ አራቱን ግን ለዘራቸውና ለቤተ ሰባቸው ምግብ እንዲያደርጉ ሠራላቸው። እነርሱም ሕይወታችንን አዳንህ አሉት እንጂ ዘረፍኸን አላሉትም።

ይህን ከእኛ አገር ክፉ ቀኖች ጋር አስተያዩት። ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ክፉ ቀን ከብቱ በበሽታ አልቆ በሬ የተረፈለት ሰው እንደ መስፍን ይታይ ነበር። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ፥ መኖ የጠፋባቸው ከብቶች ዋጋ ወደቀ፥ እህሉ ተወደደ፤ ገበሬው የሚያርስበትን በሬ ለጥቂት ቀን ቀለብ ይለውጥ ነበር። ያን በሬ በዚያ ዋጋ የወሰደ ሰው ዝናሙ ሲመለስ ዘሩንና በሬውን መልሶለታልን? ከዮሴፍ ጋር የሚተካከለው ይህን ያደረገ ብቻ ነው። በዚያ ቀን እምቢ ብሎ መሄድ የሚችል ሻጭ አልነበረምና፥ የኮስማስ ነጋዴዎች በእሾሁ አጥር ላይ የነበራቸው ሥልጣን ለዚህ ገበሬ አልነበረውም።

ካህናት አባቶቼና ወንድሞቼ፤ ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚነካ ነው። መንፈሳዊ ነገር በምንም ዓይነት ዋጋ አይለወጥም። ሲሞን መሠርይ ብር አምጥቶ በተገሠጸ ጊዜ ኀጢአቱ በብር ብቻ የተወሰነ ይመስል፥ አንዳንዱ ካህን «እኔ ብር አልጠየቅሁም» እያለ ፍትሐት ከመቆሙ በፊት የሚታረደውን በግና የሚሰፈረውን ስንዴ ሲከራከር ይሰማል። ለዚህ ሰው የሚገባው የግያዝ ታሪክ ነው። ነቢዩ ኤልሳዕ ንዕማንን ከለምጽ ባነጻው ጊዜ ብሩንም ወርቁንም ልብሱንም አልቀበልም አለ። ሎሌው ግያዝ ግን በስተኋላ ሮጦ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት ልብስ ተቀበለ፤ ለምጹም በእርሱ ላይ ተጣበቀ (2ኛ ነገ. 5)። ነቢዩ ሲገሥጸው የዘረዘረውን ልብ ብሎ ማየት ይገባል፤ ከብሩ ጋር ልብሱን፥ የወይራውንና የወይኑን ቦታ፥ በጎቹንና በሬዎቹን፥ ባሪያዎቹንም ይቈጥርበታል። ብር ያልሆነውም ሁሉ በዚያ ፍርድ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ያው ኤልሳዕ ግን በፊተኛው ምዕራፍ ከበኣልሻሊሻ የመጣ ሰው ከበኵራቱ ሃያ የገብስ እንጀራ ሲያመጣለት አልመለሰውም፤ ተቀብሎ ለመቶ ሰዎች እንዲቀርብ አደረገ። ሱነማዪቱም ቤት ሠርታ፥ አልጋና መቅረዝ አዘጋጅታ ስትቀበለው ገብቶ ዐረፈ። አንድ ነቢይ አንዱን ተቀበለ፥ ሌላውን መለሰ። ልዩነቱ በዕቃው አይደለም። የበኣልሻሊሻው ሰው በኵራቱን ያመጣው ለእግዚአብሔር ነው፤ የንዕማን ግን ለተደረገለት ፈውስ ምትክ ሆኖ የመጣ ነበር። ያ ቢወሰድ ኖሮ አሕዛባዊው ሰው የእስራኤል አምላክ በአሥር መክሊት ብር የሚገዛ ነው ብሎ ወደ ደማስቆ ይመለስ ነበር።

«ታዲያ ካህኑ ምን ይብላ?» ቢባል፥ ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 መልሶታል፤ መንፈሳዊውን የዘሩ ሥጋዊውን ቢያጭዱ ትልቅ ነገር እንዳይደለ፥ የሚያበራየውም በሬ አፉ እንዳይታሰር ይናገራል። ይህም ለሠራተኛው የሚገባ ኑሮ ነው እንጂ ለየምሥጢሩ የሚቈረጥ ዋጋ አይደለም። አባቶቻችን ይህን ልዩነት በሪምና በሰሞን መሬት ጠብቀውት ኖረዋል። ካህኑና ደብተራው መሬቱን ይዞ ለቤተ ክርስቲያኑ ያገለግል ነበር እንጂ ለእገሌ ጥምቀት፥ ለእገሊት ፍትሐት ብሎ አይቀበልም ነበር። ነገር ግን ያ ሥርዓት ንጹሕ ነበር ብሎ ማስመሰል አይገባም፤ የሚያርሰው ጭሰኛ ስለ ክፍያው ማንም ያልጠየቀው ብዙ ቦታ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ካደረገ ወዲህ ይህ መተዳደሪያ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ኑሮውን በየአገልግሎቱ ከሚያገኘው ነገር ለማሟላት የተገደደ የገጠር ካህን ብዙ ነው። ስለዚህ ግያዝን መውቀስ ብቻ አይበቃም፤ ሰበካው ለካህኑ ዓመታዊ እህሉን በጊዜው ቢሰፍርለት በፍትሐት ደጃፍ የሚከራከርበት ምክንያት አይኖርም።

የጉባኤ ቤት ልማድ በዚህ ረገድ ጥሩ መምህር ነው። የኔታው ከተማሪው የዜማ ዋጋ አይቀበልም፤ ተማሪውም ያለውን ጕልበት አይሸሽግም። በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ያገኘውን ቍራሽ ለታመመ ጓደኛው ያካፍላል፥ የመምህሩን ማሳ ያርማል። ይሁንና መምህሩ ሰነፉን ብርቱ ጕልበት ስላለው ብቻ ከትጉሁ አስቀድሞ ለድግስና ለማዕርግ ቢያበቃው፥ ትምህርቱ ያን ጊዜ ተሸጠ።

የመጨረሻው ነገር ከግያዝ ጥፋት በተቃራኒው የቆመ ነው፤ ስለ እርሱም ሲሰበክ አልሰማሁም። ግያዝ መንፈሳዊውን ሰጥቶ ሥጋዊውን ተቀበለ። የሥጋዊውን ዕዳ በመንፈሳዊ ነገር ለመክፈል የሚፈልጉም አሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ አናጢውና ድንጋይ ጠራቢው በዚህን ያህል ዳውላ ጤፍ ተዋውለው ይሠራሉ። ሥራው ሲያልቅ ጤፉ ያንሳል፤ ያን ጊዜ «ለታቦት ሠርተህ ዋጋ ትጠይቃለህን? ዋጋህን ከእርሱ ታገኛለህ» ይባላል። ሠራተኛው ፈቅዶ ቢተወው በጎ ነው፥ በረከቱም የእርሱ ነው። ሳይወድድ ሲነገረው ግን ያ ንግግር ቅሚያ ነው። የእግዚአብሔርን በረከት እንደ አሞሌ ቈጥሮ ዕዳውን የሚከፍልበት ሥልጣን ለማንም ሹም አልተሰጠም። ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 5 ላይ የተከለከለው የአጫጆች ደመወዝ ወደ ሠራዊት ጌታ እንደሚጮኽ ሲናገር፥ እርሻው የቤተ ክርስቲያን ከሆነ አይጮኽም አላለም።

ከሰሎሞን የሚበልጥ ቤተ መቅደስ ሠሪ ማን ነበረ? እርሱ እንኳ ለጢሮስ ንጉሥ ለኪራም ስለ ዝግባውና ስለ ጥዱ በየዓመቱ ሃያ ሺህ የቆሮስ መስፈሪያ ስንዴ ከዘይት ጋር ይሰጥ ነበር (1ኛ ነገ. 5)። ኪራምን «ለእግዚአብሔር ቤት ነውና እንጨቱን በነጻ ስጥ» አላለውም። ሥራው በተፈጸመ ጊዜ ደግሞ በገሊላ ምድር ሃያ ከተማዎች ሰጠው፤ ኪራምም ሊያያቸው ወጥቶ ደስ አላሰኙትም፥ ቅሬታውንም ለሰሎሞን ነገረው (1ኛ ነገ. 9)። ጥበበኛው ንጉሥ እንኳ በዕቃ ሲከፍል የተቀባዩን ልብ ሳያረካ ቀረ። መጽሐፉም ይህን አልሸሸገውም፤ ቅር የተሰኘው ሰው ቅሬታውን መናገሩንም እንደ ነውር አልጻፈበትም።

ስለዚህ በሰበካው ሥራ የሚያሠሩ ሁሉ ውሉን አስቀድመው በምስክር ፊት ያድርጉት። እህሉ ጤፍ ወይስ ገብስ እንደ ሆነ፥ በማን ቁና እንደሚሰፈር፥ አሰፋፈሩ በአፉ ልክ ይሁን ወይስ ተከምሮ፥ በየትኛው ወር እንደሚሰጥ፥ እህሉ ቢጠፋ በምን እንደሚተካ ይነገር፤ ጸሓፊ ካለም ይጻፍ። የቀን ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ዘዳግም 24 ፀሐይ ሳይገባ ይሰጠው ይላል፤ የምሽቱን ራት የሚጠብቁት ልጆች አሉትና፥ ሊነግሥ ወይም ሊሰንብት ስላለ በዓል እህሉ በዕቃ ቤት ቁልፍ አይደርበት።